ካዚሚር እና ጠርዙ

ዲትሮይት፣ የካቲት፤ ሰማዩ እርሳስ፣
በረዶ ከየደጁ በአካፋ ሲታፈስ፣
ካዚሚር ቮይዳ ስቱዲዮ ገባ፣
እጁን አሞቀና በዘይት ቀባባ።

ሥራው ሸክላ ነው፤ ከፋብሪካው ብረት፣
ከጎማው፣ ከሞተር፣ ከመስተዋቱ ፊት፣
ሴዳኑ በሙሉ በቁመት በስፋቱ
ቡናማ ጭቃ ነው፤ ነፍስ የለም ከአንጀቱ።

ሃያ ሁለት ዓመት ጠርዝ ሲያወጣ ኖሯል፤
የብረት ማስመሪያው እንደ ጣት በቅሏል።
ኮፈኑ ጠረጴዛ፣ ጣሪያው የተላገ፣
የኋላ መስተዋቱ ቀጥ የተደረገ፣
ፊቱ የባንክ ቤት በር፣ መብራቱ ሳጥን፣
ሲያዩት የሚመስል የዳኛ ወንበርን።
"ጠርዝ ማለት" ይላል፣ "ቃል እንደ መስጠት ነው፤
'እዚህ ጋ ያበቃል' ብለህ የምታስረው።"

ዛሬ ግን ከፎቁ የወረደው ንድፍ
ትከሻ የለውም፣ ጥግ የለው፣ የለው ጫፍ።
የፊቱ ፍርግርግ ጭራሽ ተደፍኖ
ቁጭ ብሏል ወረቀት ላይ የዶሮ እንቁላል ሆኖ።

"ንፋስ ጠርዝ ይጠላል" አለችው ዶሪንዳ፣
አዲሷ ንድፍ አውጪ፣ ለስቱዲዮው እንግዳ፤
"በየማዕዘኑ ላይ ንፋሱ ሲጋጭ
ነዳጅ ነው የሚፈስ፣ ብር ነው የሚረጭ።"

ሳቀባት። "ለመሆኑ ንፋስ መኪና ይገዛል?
ሰው ነው የሚገዛው፤ ሰው ደግሞ ይኮራል።
የሃምትራምኩ ሄንሪክ፣ ሥጋ ሻጩ ሰው፣
ቅዳሜ የሚያጥበው፣ እሁድ የሚነዳው፣
ክብሩን ነው የሚያቆም በደጁ፣ በሜዳ፤
ይህን እንዴት ልላግ?" አላት ለዶሪንዳ።

(በእርሱ ቋንቋ አይሆንም፣ በእኔ ግን ይሆናል፤
ክብር "ር" ሲወድቅበት ክብ ሆኖ ይቀራል።)

እሷ አልመለሰችም። ቢላውን ሰጠችው።

ጀመረ። ማስመሪያው በአንድ ነጥብ ነካ፣
እንደ ሚዛን ዋለለ፤ አልያዝ አለ፣ አልለካ።
ጣለው። በመዳፉ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ዳሰሰው ከኮፈን እስከ ጭራው፣ አዝኖ፤
የት እንደሚጀምር፣ የት እንደሚያበቃ
የማይናገር ጉብታ፣ ዝም ያለ ጭቃ።

ሦስት ሳምንት ሲያሻሽ፣ ሲፍቅ፣ ሲመልስ፣
አንድ ሐሙስ እጁ ቆመ ሳይተነፍስ፦
ይህን ያውቀዋል። የቦውሊንጉ ኳስ ነው፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ በጣቱ የሚያነሳው፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ክብ ሲወረውር፣
ቀን ቀን ግን ለጠርዝ ሲምል፣ ሲከራከር!

ሳቀ። ከመብራቱ በታች፣ በስተግራ፣
አንድ ጣት የሚያህል ጠርዝ ትቶ ሠራ።
ማንም አላየውም፤ ወይ አይቶ ዝም አለው፤
ዶሪንዳ ብቻ ናት በጥፍሯ የነካችው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲሉ፣
ይሄኛው በጎማ ሄደ፣ አገር ምድሩን በሙሉ፤
በኦሃዮ፣ በካንሳስ፣ በየትምህርት ቤት በር፣
በየገበያው ደጅ ሲሰለፍ፣ ሲደረደር።
ሄንሪክም ገዛና ቅዳሜ ሲያጥበው
"ጨርቄ አይያዝም" አለ፤ ያን ብቻ ነው ያለው።

ካዚሚር በጡረታ፣ በእርጅናው ወራት፣
ከቁርጥራጭ ብረት ግቢ፣ ከአጥሩ በስተፊት፣
አየ፤ ያ ጠርዘኛው፣ ይሄ ድቡልቡሉ፣
ወደ መጭመቂያው አፍ ተራ ሲቀበሉ።
ብረቱ ጮኸና መስተዋት ዘነበ፤
ሁለቱም እንደ ጡብ ታስሮ ተደረበ።
ክቡም ወጣ ሳጥን፣ ጠርዘኛውም ሳጥን፤
ስድስት ገጽ፣ ስምንት ጥግ፣ ቀጥ ያለ ጎን ለጎን።

ከካፖርቱ ኪስ ውስጥ ማስመሪያውን አውጥቶ፣
አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በሽቦው ዘርግቶ፣
ለካው። ራሱንም ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፤
"ትንሽ ያጋድላል" አለ፣ ኮቱን ጠቅልሎ፣
ኳሱን ሊወረውር ሄደ።
ሐሙስ ነበር።